ሥልጣኑ የሹመቱ ነው
(የኮምፒውተር ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር)



 የምንናገረው ክበባችን ለመለማመጃ ስለ ሠራው፤ በኢንተርኔት ስለሚከፈት የማርክ መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ በያንዳንዱ ሰው ስም አንጻር «መምህር፤ ስም ጠሪ፤ ሪከርድ ሠራተኛ» እያልን የሥራውን ድርሻ ሁሉ ባንድ ሣጥን ውስጥ ደርድረን ጻፍን። ለጊዜው የተመቸ መሰለን። ኋላ ግን ማርክ ለማረም የተፈቀደላቸው እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ብንፈልግ የሁሉንም ሣጥን ቃል በቃል መመርመር ግድ ሆነብን። አንዳችን «ሪከርድ»፤ ሌላችን «ሬኮርድ» ብለን ስለ ጻፍን ፍለጋው አንዱን ስቶ አለፈ። ለሙከራ ከሥራ ያሰናበትነውም ሰው ማርክ የማረም ፈቃዱ ሳይነሣ ቀረ። ይህ በእውነተኛ መዝገብ ቢደርስ የተማሪ የዓመት ድካም ባልተፈቀደለት እጅ ሊበላሽ ይችላል።

ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር የሄደ ሁሉ የዐፄ ፋሲለደስን ግንብ ያውቃል። በቤተ መንግሥቱ በጅሮንድ የሚባለው ሹም የንጉሡን ግምጃ ቤት ይጠብቅ ነበር። ጥበቃው የሹመቱ ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም፤ ሹም ሽር ቢሆን ሥልጣኑ ለተተኪው ይተላለፋል። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያንም ፈቃድ ለሥራው ድርሻ እንጂ ለሰው በስሙ እንዳይሰጥ የሚለውን አሠራር ለኮምፒውተር እንዲስማማ አድርገው በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ባንድ ሣጥን አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ የሚለው ደንብ ደግሞ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ትምህርት የመጣ ነው።

እኛም መዝገቡን በአራት አጫጭር ሠንጠረዦች ከፈልነው። በመጀመሪያው ሰዎች፤ በሁለተኛው የሥራ ድርሻዎች፤ በሦስተኛው ማን የትኛውን ድርሻ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ያዘ፤ በአራተኛው ለያንዳንዱ ድርሻ የተፈቀደው ሥራ ተጻፈ። ሰው ሁሉ አንድ ድርሻ ብቻ ቢኖረው ሦስተኛው ባላስፈለገ ነበር፤ ነገር ግን አንድ መምህር ስም ጠሪም፤ የክበብ ኀላፊም ይሆናል።

መምህራኑ 40 ቢሆኑና የማርክ ደንብ ቢለወጥ፤ ፈቃዱ በየሰዉ ስም ተጽፎ ቢሆን 40 ቦታ ማረም ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሥራውን የለቀቀውም ሰው የመጨረሻ ቀኑ ሲጻፍ ፈቃዱ ይቆማል፤ የቀድሞ ታሪኩ ግን አይጠፋም።

እንግዲህ ክበቡን ከኛ የምትረከቡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ መዝገብ ባጠረና በጠራ መጠን ስሕተቱ ቶሎ እንደሚታይ አትርሱ። የጓደኞቻችሁ ማርክ አደራ ነውና ጠብቁት።

ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሰን።