የላክነው ብር የትኛው ማሳ ላይ ነው የወደቀው?

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እረፍት ተከልክላችሁ መምጣት ላልቻላችሁ እህቶች እንዲደርሳችሁ ተጽፏል።)



እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከምዕራብ ጎጃም የመጣሁ ነኝ። እዚህ ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማዳም አይደለም፣ ስለ በቆሎ ነው። አትሳቁ! ግንቦት ሲቃረብ ከብዙዎቻችን ቤት የሚደወለው ለአንድ ነገር ነው፤ «የማዳበሪያ ላኪልን»።

እኔም በየዓመቱ ላክሁ። ታናሽ ወንድሜ ሦስት ማሳ ያርሳል፤ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ዳገቱ ላይ። ለሦስቱም እኩል ማዳበሪያ ያደርጋል። የጓሮው በቆሎ ሰው ይደብቃል፤ የዳገቱ ቀጭጮ ይቀራል። አንድ ዓመት የሁለት ወር ደመወዜን ልኬ ያው ሲሆንብኝ፣ በስልክ «ብሬን በላኸው» አልኩት። ዘጋብኝ። ሦስት ወር አልተነጋገርንም።

በኋላ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከየማሳው አፈር አስወስዶ ሲያስመረምር፣ የዳገቱ አፈር አሲዳማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው አፈር የማዳበሪያውን ፎስፈረስ ይዞ ያስቀረዋል፣ ሥሩ አያገኘውም። ወንድሜ ብሬን አልበላም ነበር። የበላው አፈሩ ነው።

አገራችን ውስጥ ለብዙ ዓመት ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። በኋላ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ መጣ። ከረጢቱ ቢቀየርም ማሳ ግን ከማሳ ይለያያል። ጓሮው ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ ነው፤ ዳገቱን ጎርፍ ሲያጥበው ኖሯል። ሁለቱን እኩል ማጉረስ፣ ለጠገበ ጨምሮ ለታመመ መድኃኒት መንፈግ ነው። ከወለጋም ከጅማም የመጣችሁ፣ እናንተም ጋ አሲዳማ አፈር ብዙ አለ።

ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት «ስንት ኩንታል ነው?» ብቻ አትበሉ። እነዚህንም ጠይቁ።

አንደኛ፣ የትኛው ማሳ ነው ምርት የማይሰጠው? አፈሩ ተመርምሯል? ለምርመራ ከአንዱ ማሳ የተለያየ ቦታ አፈር ወስዶ መቀላቀል ነው፤ የሁለት ማሳ አፈር ግን አይቀላቀልም። አሲዳማ ከሆነ፣ መጠኑን በምርመራው አስነግሮ ኖራ ከመዝራት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ያስፈልጋል። አንዴ የተደረገ ኖራ ለተወሰኑ ዓመታት ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ምን ይመስላል? የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሀል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ዩሪያ ነው የሚፈልገው። ለጋው በቆሎ ጠርዙ ወይን ጠጅ ከመሰለ ብዙ ጊዜ የፎስፈረስ ነገር ነው። ፎቶ አስልኩ፣ ስልክ አለን አይደል!

ሦስተኛ፣ ዩሪያውን መቼና እንዴት አደረጋችሁት? በአንዴ አይጨረስም። ዋናው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ታርሞ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ይደረጋል። ከአገዳው ራቅ አድርጎ አፈር ማልበስ ነው። ላይ በላይ ተበትኖ ከቀረ ከብራችን ከፊሉ አየር ላይ ሊተን ይችላል።

አራተኛ፣ እርግጠኛ ካልሆኑ በየማሳው ጥቂት መስመር ያለ ማዳበሪያ ትተው በእንጨት ምልክት ያድርጉ። ሲታጨድ ልዩነቱን ማሳው ራሱ ይነግራቸዋል።

እኛ ቤት የጓሮውን ማዳበሪያ ቀነስን፤ በተረፈው ብር ለዳገቱ ኖራ ተገዛ። ዳገቱ እንደ ጓሮው አልሆነም፣ አልዋሻችሁም። ግን ዘንድሮ የዘር ወጪውን መልሶ ለቤትም ተርፏል።

ለወንድሜ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እታለም፣ እኔም አንቺን ብሆን እጠረጥር ነበር» አለኝ። ከዚያ ብዙ አወራን፤ ስለ ብር ሳይሆን ስለ ማሳው።

እህቶቼ፣ ሌሊት ተነስተን የምንሠራበት ብር ነው። ሰውን ከመቀየማችን በፊት አፈሩን እንጠይቅ።