አሮጌ ኦርጋን ከመግዛታችሁ በፊት

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልጆች የቤት ሥራ ነበር። ነገር ግን በቅርቡ ሦስት ወላጆች በየተራ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ስላቀረቡልኝ ርእሱን ለወጥሁት። ጥያቄው «ልጄ ኦርጋን መማር ይፈልጋል፤ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦርጋን በርካሽ ተገኝቷል፤ ገዝተን ብናሠራውስ?» የሚል ነው። እኔም ከአራት ዓመት በፊት ይህንኑ አድርጌአለሁና ገንዘቤን ከፍዬ የተማርሁትን ለእናንተ በነጻ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንግባባ። እኛ ኦርጋን የምንለው በሠርግ ላይ የምናየውን ኪቦርድ ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው «ኦርጋኒት» የሚሉትም እርሱን ነው። እርሱ በብብት ተይዞ ይሄዳል። «ያድ ሽኒያ» ተብሎ ማስታወቂያ የሚለጠፍለት አሮጌው ኦርጋን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እንደ ቁም ሣጥን ያለ እንጨት፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ፣ ከታች በእግር የሚረገጡ ዘንጎች አሉት። አዲስ አበባ የኖራችሁ በዘመኑ ሸክላዎች ላይ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ድምፅ ሰምታችኋል፤ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የተጫወተበት «ቸ በለው» እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 የወጣ ነው። እኔንም ያታለለኝ ይህ ድምፅ ነው፤ ሻጩ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

የገዛሁት በአሜሪካ የተሠራ ሃሞንድ ነበር፤ ኤም 3 የሚባለው፣ ከ1955 እስከ 1964 የተመረተው ዓይነት። ዋጋው 600 ሼኬል ነው። ገንዘቡ ለልብስ ማጠቢያ ያስቀመጥነው ነበርና ለባለቤቴ ሳልነግረው ከፈልሁ። ሻጩን «ዜ ኦቬድ?» ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ሀኮል በሴደር» አለኝ፤ ሁሉም ደኅና ነው ማለቱ ነው። እኔም ሳልሰማው አመንሁ። እናንተ ግን «ኤፍሻር ሊሽሞዓ?» በሉ፤ መስማት ይቻላል ወይ ማለት ነው። የማያሰማችሁ ከሆነ ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ።

ዕቃው ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለም። አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ለማጓጓዣ ብቻ 500 ሼኬል ሄደ። በጀርባው ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ 117 ቮልት የሚል አነበብሁ። የዚህ አገር ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ስለሆነ በ350 ሼኬል ትራንስፎርመር ገዛሁ። ሰኩት፤ ጉምጉም አለና ዝም አለ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ለስድስት ሳምንት ያህል ልብስ በእጅ ስናጥብም አልተናገረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ በጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በእጃቸው ብረት ይዘው አይቼ አላውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ጠረጉ፣ ከዚያም ጡረታ ወጡ፣ ከዚያም መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ «ሳባ» ይላቸዋል፤ ከዚህ ቃል በቀር ብዙም አይነጋገሩም ነበር፤ እርሱ አማርኛው ጥቂት፣ እርሳቸውም ዕብራይስጣቸው ጥቂት ነውና።

በሳምንቱ አባቴ ተነሥተው ጆሯቸውን በኦርጋኑ እንጨት ላይ አደረጉ። «አብሪው እስኪ» አሉኝ። አበራሁ። «ሞተሩ ይገፋል፤ ብረቱ እንቢ ይላል። ዘይት አጥቶ ደርቋል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ይህን መሣሪያ በ1935 ቺካጎ ላይ ያወጣው ሎሬንስ ሃሞንድ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። በውስጡ ወደ ዘጠና የሚጠጉ ዳራቸው እንደ ጥርስ የተቆረጠ ትንንሽ ክብ ብረቶች በሞተር ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዱ በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ የራሱን ድምፅ ያስገኛል። ለእነዚህ ሁሉ ዘይት የሚደርሰው ከላይ ካሉት ትንንሽ ማጠራቀሚያዎች በክር እየተሳበ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሊጨመርለት ይገባል። ዓመታት ከተረሳ ክሩ ይደርቃል፣ ብረቱም ይያዛል።

አባቴ የኑግ ዘይት አምጪ አሉ። ልጄ ደግሞ ለዚሁ የሚሆን ቀጭን ዘይት እንዳለ አነበበ፤ የወጥ ዘይት ውሎ አድሮ እንደሚረጋ ለአያቱ ማስረዳት ነበረበት። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ በምን ቃል እንዳስረዳ አላውቅም። ማታ ስመጣ አባቴ «ያውቃል ይህ ልጅ» አሉ። ዘይቱ ከነመላኪያው 120 ሼኬል ሆነ። ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ገመዱን ነቅለው ዘንጉን በእጅ እየሞከሩ አምስት ቀን ጠበቁ። በስድስተኛው ቀን ዞረ።

አነሣሡንም ያኔ ተማርን። «ስታርት» የሚለውን ማብሪያ ስምንት ሴኮንድ ያህል ይዞ፣ እርሱን ሳይለቁ «ራን» የሚለውን ጨምሮ፣ ከአራት ሴኮንድ በኋላ የመጀመሪያውን መልቀቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ኦርጋን ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ይሸጥላችኋል።

አሁን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ክፍል ማናችሁም አትንኩ። ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ እንኳ ካፓሲተር የሚባሉት ዕቃዎች ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ልጄን ዘይት እንዲያስጨምር የፈቀድሁት ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ መጥቶ ያንን ክፍል ከሸፈነልን በኋላ ነው። ሐሽማላዩ ያረጁትን ካፓሲተሮች ለወጠ፤ መሬት የሌለውን ባለ ሁለት ጥርስ ገመድም በባለ ሦስት ለወጠ። 800 ሼኬል ተቀበለ። በዚህ አላዝንም።

ያዘንሁት በሚቀጥለው ነው። ኦርጋኑ በመጨረሻ ሲጮኽ ልጄ «ዶ»ን ነካ፤ የተሰማው ግን «ላ» ነበር፤ እርሱም ትንሽ የዛለ «ላ»። ሞተሩ እንደ ግድግዳ ሰዓት በኤሌክትሪኩ ምት ልክ ነው የሚዞረው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ፣ የእዚህ አገር እንደ ኢትዮጵያው 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምቱን አይለውጥም። ስለዚህ ብረቶቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ብቻውን ለሚጫወት ችግር የለውም፤ የልጄ ጓደኛ ጊታር ይዞ ሲመጣ ግን ይጣላሉ። ለሞተሩ 60 ሄርዝ የሚሰጥ መሣሪያ አለ፤ እስከ ዛሬ አልገዛሁትም። ያን ትንሽ ሰሌዳ እስከ መጨረሻው ባነበው ኖሮ «60» የሚለው እዚያው ተጽፎ ነበር። ለአውሮፓ ተብለው የተሠሩት «50» ይላሉ።

ከ1960ዎቹ ወዲህ እንደ ፋርፊሳ ያሉ በትራንዚስተር የሚሠሩ ኦርጋኖች መጥተዋል። እነርሱ የሚዞር ብረት ስለሌላቸው ቀለል ይላሉ፣ የ50 እና የ60 ጣጣም የለባቸውም፤ ቮልቱን ማየት ይበቃል። የትኛውንም ስታዩ ግን ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ንኩ። አንድ ቁልፍ ብቻ ዝም ቢል ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው መነካኪያ አቧራ ይዞ ነው፤ ደጋግሞ በመምታት ሊድን ይችላል። በሃሞንድ ላይ ግን ያው ድምፅ በሁለቱም ረድፍ ከጠፋ ችግሩ ከውስጥ ነው፤ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

እንግዲህ ደምሩት፤ 2,370 ሼኬል ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ ኦርጋኒት ከነማቆሚያው ገዝቼ ይተርፈኝ ነበር። ልጃችሁ በሚቀጥለው ወር ትምህርት የሚጀምር ከሆነ ኦርጋኒት ግዙለት፤ የጆሮ ማዳመጫም አለው። እዚህ አገር ከ14 እስከ 16፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ጎረቤት ያርፋል፤ በደረጃው ላይ ሰላምታ እንዳይቋረጥባችሁ ተጠንቀቁ። ቤታችሁ ውስጥ እጁ ሥራ የናፈቀው ሰው ካለ፣ ቦታውም ካለ፣ ከባንክ «ሚኑስ» ሳትገቡም መክፈል ከቻላችሁ፣ ያን ጊዜ ስለ አሮጌው እንነጋገራለን። ደግሞም ለባለቤታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የእኛው ኦርጋን አሁንም ሦስት ቁልፍ አይሰማለትም። አባቴና ልጄ ዓርብ ጠዋት እየከፈቱ ያያሉ። ልጄ «መፍቻ»፣ «ጉጠት»፣ «ዝገት» የሚሉትን ቃላት ከእኔ አልተማራቸውም።

እኔ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማትናስ ውስጥ አለሁ። ኦርጋን ያገኘ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ሰሌዳ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ያምጣልኝ። ሁለቱንም ቁጥሮች ነው፤ ቮልቱንም፣ ሄርዙንም።