ደፍ ለሚያግደው ሰው መወጣጫ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤት ደፍ ነው። እግሩ ለሚራመድለት ሰው ደፍ ምንም አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን እንደ አጥር ነው።

ባረፍንበት ቤት እግራቸውን የታመሙ እናት አሉ። በራቸው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለመውጣት ሁለት ጎረምሳ መጥራት ነበረባቸው። «ልጆቼ፣ ሰው ማስቸገሩ እያሳፈረኝ ለቅሶ መድረስ እንኳ ቀረብኝ» አሉን።

እኛም ቸኩለን 1 ሜትር ተኩል ጣውላ በሩ ላይ አጋደምን። ወንበሩን ስንገፋው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሳንለካ ሠራን።

ልኩ እንዲህ ነው። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 30 በ12 ሲባዛ 360፣ ማለትም 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። በሩ ፊት ደግሞ ከደፉ እኩል የሆነ፣ ወንበሩ የሚዞርበት፣ ጎንና ጎኑ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ሜዳ መድረክ ይኑር። መወጣጫው የሚነሣው ከመድረኩ ጫፍ ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና በቁመት ይዘረጋል። ከሥሩ በየሜትሩ ድጋፍ ይቆምለታል። ድጋፉ ምስጥ እንዳይበላው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፍ። ጣውላው በላዩ አግድም ይመታል። በጣውላዎቹ መካከል ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ ጎማ እንዳይዝ ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በግራና በቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ይመታል፤ አለዚያ ጎማው ሊያመልጥ ይችላል። እርጥብ ጣውላ ስለሚያዳልጥ ቀለም ቀብተን ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ነሰነስንበት።

ሥራው ሲያልቅ ልንገፋቸው ቀረብን። «ተዉኝ፣ እኔው ልውረድ!» አሉን። ጎማውን በገዛ እጃቸው እያዞሩ ወረዱ። በዚያው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ደረሱ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ አካል ጉዳተኛ ከሌላው እኩል ይንቀሳቀስ ይላል። ይህ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ከየቤታችን እንጀምር። ዛሬ ማታ ሜትር ይዛችሁ ደፋችሁን ለኩ፤ በ12 አባዙት።