ርዕሰ መምህሩን ብቻቸውን አንተዋቸው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። መገኘት ላልቻላችሁ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዛሬ የመዋጮ ነገር አናነሣም፤ እፎይ በሉ። የምንናገረው ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው። የማኅበሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ራሳችን ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለንም። ታዲያ ስለ ትምህርት እንድትናገሩ ማን ሾማችሁ እንዳትሉን፤ ያስነሣን ነገር አለ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። አንዲት እናታችን በዚያ የሚያልፈውን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ቆሞ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ቃሉ ግን አልገጥም አለው። በመጨረሻ «እማማ፣ ጽሑፉ ደብዝዟል» ብሎ ሄደ። ኧረ የት ደብዝዞ! ከትናንት ወዲያ የጻፍነው ነው። ልጁም የባዳ ልጅ አይደለም፤ ከእኛው ከኮሚቴዎቹ የአንዱ ነው። ያን ዕለት አፈርን።

ይህ የእኛ ሠፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶው 3.3 መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ ወደቀ ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ ደግሞ የወደቀው በዚያ ቀን አይደለም። ሁለተኛ ክፍል ላይ ሳያነብ ሲያልፍ ወድቋል፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ልጅ ዓመት ሙሉ ከፊደል ሲለይ የያዘው ይጠፋዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ከማለት በፊት «እስቲ አንብብልኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ደብረ ወርቅ ደግሞ ለትምህርት አዲስ አገር አይደለችም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው የአብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ እዚሁ ነበር። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። የኔታ የሚያስተምሩት በዛፍ ጥላ ሥር ቢሆንም፣ እያንዳንዱን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስነብቡ ነበር። ማን የት ፊደል ላይ እንደ ቆመ ያውቃሉ። ሳያውቅ የሚያልፍ አልነበረም።

አሁን የርዕሰ መምህርን የሥራ ቀን እንመልከት። ጠዋት ወረዳ ለስብሰባ ይጠራሉ። ሲመለሱ የሚሞላ ቅጽና የሚላክ ሪፖርት ይጠብቃቸዋል። አጥሩን ከብት ጥሶታል። ውኃ የለም። አንድ መምህር ታሞ ቀርቷል። ወላጅ ተቆጥቶ በር ላይ ቆሟል። ይህን ሁሉ ሲያዳርሱ ይመሻል። ክፍል ገብተው አንድ ልጅ ሲያነብ ሳይሰሙ ቀኑ ያልፋል። ርዕሰ መምህር ማለት የመምህራን ራስ ማለት ነው፤ እኛ ግን የአጥር ጠባቂና የወረቀት ሰው አደረግናቸው።

እኛስ ወደ ትምህርት ቤቱ የምንሄደው መቼ ነው? እውነቱን እንነጋገር። ልጃችን ሲመታ ለጠብ፣ ሲወድቅ «እባክዎ አሳልፉት» ለማለት፣ በዓል ሲሆን ለጭብጨባ። «ልጄ ማንበብ ችሏል ወይ?» ብለን የሄድንበት ቀን የለም።

በአገራችን የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ላይ አራት ዐበይት ጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። አራተኛው የእኛ ድርሻ ነው። ተሳትፎ ሲባል ግን ገንዘብ ማዋጣት ብቻ መስሎን ኖረናል።

በመሆኑም ለርዕሰ መምህሩ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው። ሸክሙን እንካፈልዎ፤ እርስዎ ደግሞ ክፍል ይግቡልን።

1ኛ/ አጥሩንና ውኃውን ማኅበሩ ይረከባል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ተራ ገብተን እንሠራለን።

2ኛ/ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ ርዕሰ መምህሩ ስሙን ለእኛ ይላኩ። ቤቱ የምንሄደው እኛ ነን። በገበያ ቀን ልጅ አስቀርቶ እህል ማሸከምም ይብቃ።

3ኛ/ ከመካከላችን ሦስት ወላጆች ይመረጡ፤ ሁለቱ እናቶች ይሁኑ። በወር አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩን አግኝተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ «ስንት ልጅ ማንበብ አልቻለም? ምንስ እየተደረገ ነው?» መልሱ ያለ ልጆች ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

4ኛ/ በየቤታችን ማታ ቡና ሲፈላ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ፣ ልጇ ሲደናቀፍ ጆሮዋ ይነግራታል።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሁሉ ተረድተናቸው ክፍል ካልገቡ ያን ጊዜ በሙሉ አፍ እንጠይቃቸዋለን። ሳይረዱ መውቀስ ግን ነውር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

በሚቀጥለው ስብሰባ በአራቱም ነጥቦች ላይ እጅ ይወጣል፤ እንዳትቀሩ። እስከዚያው አንድ አደራ አለን። ይህን ጽሑፍ እናንተ ብቻ አንብባችሁ እንዳታልፉ። ልጃችሁን እዚህ አምጥታችሁ አቁሙና ያንብብላችሁ። ካነበበ መርቁት። «ደብዝዟል» ካለ ግን አትቆጡት፤ በማግስቱ አብራችሁት ትምህርት ቤት ሂዱ።



የማኅበሩ ጸሐፊ