ስትሮክ ሲጥል ሰዓቱን ያዙ

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት ነባር ነርስ ያሰሙት ንግግር)



ስለ ስትሮክ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። አስቀድሜ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ማታ ከራት በኋላ የአባቴ አፍ ወደ ጎን ዞረ፤ ቀኝ እጃቸው ብርጭቆ መያዝ ተሳነው። ጎረቤት ተሰበሰበና «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴውን የለቀምኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ። «ይተኙ፣ ጧት እናያለን» ተባለ። ጧት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «በስንት ሰዓት ጀመራቸው?» ብሎ ነው። አንዱ ሁለት ሰዓት አለ፣ ሌላው አራት። አባቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ስሜን ግን አንድም ቀን አስተካክለው አልጠሩትም። ያን ጊዜስ የዛሬው መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፤ የሚበዛውም ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ እኔም ሆንኩ ሐኪሙ በዓይን አይተን አንለያቸውም። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው፤ ይህ መሣሪያ በበሽተኛ ላይ መጀመሪያ የተሞከረው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የፈሰሰ ደም በፎቶው ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። መዘጋት ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፎቶው የጤነኛ ሊመስል ይችላል። እንግዲህ «ፎቶው ምንም የለውም» ተባለ ብላችሁ በሽተኛውን ይዛችሁ እንዳትመለሱ! ከጣት ደም ተወስዶ ስኳርም ይለካል፤ የስኳር ማነስ ስትሮክ መስሎ ይመጣልና።

የተዘጋ ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው ግን ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በዘገየ መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ከያዘው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ደኅና ሆኖ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ትልቅ ሥር ሲዘጋ ደግሞ ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ ለአንዳንዱ በሽተኛ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። ሁለቱም በአገራችን በየሆስፒታሉ አይገኙም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ስለሆነም ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ፣ ሰው ሳይታመም፣ ጠይቃችሁ እወቁ። ደም የሚፈስ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ግፊቱን በጥንቃቄ ማውረድ፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና።

ታዲያ አዝነን የምናደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ይጎዳል። አስፕሪን አትስጡ፤ እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። የጎረቤትን የደም ግፊት ክኒን ከምላስ ሥር አታድርጉ፤ ሥሩ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ አንጎል ይብሱን ደም ያጣል። ወተትም ውኃም አይጠጣ፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። በጎኑ አስተኙትና አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። የሚወስደውን መድኃኒትም ይዛችሁ ሂዱ።

ምልክቱን ለመለየት ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጁን እንዲያነሣ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ጠይቁት። አፉ ከተጣመመ፣ አንዱ እጅ ከወደቀ፣ ምላሱ ከተሳሰረ አትጠብቁ። በአሥር ደቂቃ ቢለቀውም ሂዱ፤ ትልቁ ከኋላ ሊመጣ ይችላል። ሰዓቱንም ወዲያው ጻፉት፤ ወረቀት ከጠፋ በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ።

ከዳኑ በኋላ ስላለው እንቅስቃሴና ማገገሚያ ሌላ ቀን እናገራለሁ፤ ያ ራሱን የቻለ ሰፊ ነገር ነው። ለአሁኑ የግፊት መለኪያዬን ይዤ መጥቻለሁ። ለስትሮክ የሚዳርገን ዋናው ነገር ደም ግፊት ስለሆነ ከስብሰባው በኋላ እለካችኋለሁ፤ «እኔ ምንም አይሰማኝም» የምትሉት ቅደሙ።