ተማሪው ለትምህርቱ ቅርብ ይደር፣ እኛ ወደ እሱ እንሂድ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በትምህርት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ስለ ትምህርት እንድንናገር ስንጋበዝ ስለ ምረቃ፣ ስለ ጥቁሩ ካባና በየሳሎናችን ስለተሰቀለው ፎቶግራፍ ብናወራ ለበዓሉ ይስማማ ነበር። ነገር ግን በንዑስ ኮሚቴው ባገለገልንባቸው ዓመታት አንድ ነገር ደጋግመን አይተናል። እዚህ አገር ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ ብዙውን ጊዜ ያቋረጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን ማደሪያው አልመች ብሎት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ተማሪ የት ይደር ስለሚለው ጉዳይ ነው።

በአገራችን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ስለዚህ ነገር ብዙም አይጨነቅም። ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል፣ ዶርሙን ዩኒቨርሲቲው ይመድብለታል፣ ቁልፉን ከፕሮክተሩ ይቀበላል፣ ምግቡን ካፌ ይበላል። ለእንግዳ ተማሪም ቢሆን አገራችን ቦታ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች የትምህርት ዕድል መስጠት ሲጀምር ከዩጋንዳ፣ ከኬንያና ከታንጋኒካ የመጡ ተማሪዎች አዲስ አበባ ከእኛ ልጆች ጋር አብረው ተምረዋል፣ አብረው ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኛ ልጆች ሆኖ ሻንጣቸውን ይዘው ካምፓላ ይወርዳሉ። እዚህ ግን ዶርም የሚመድብላቸው የለም፤ ራሳቸው መፈለግ አለባቸው።

ብዙዎቹ የሚመጡበትን ማኬሬሬን እንውሰድ። ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ በ1970 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በግቢው ውስጥ ሉሙምባ፣ ሜሪ ስቱዋርት፣ ሊቪንግስተን፣ ንክሩማ፣ አፍሪካ ሆል የሚባሉ የታወቁ ማደሪያዎች አሉት። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በግላቸው የሚከፍሉ ተማሪዎችን በብዛት መቀበል ሲጀምር አልጋውና ተማሪው ሊመጣጠኑ አልቻሉም። በኪኮኒ፣ በዋንዴጌያና በናኩላብዬ የግል ሆስቴሎች እንደ አሸን የፈሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ማኬሬሬ ውጭ የሚያድረውን ተማሪ ጭምር ከአንድ ሆል ጋር ያያይዘዋል። በመቀበያ ደብዳቤው ላይ የሆል ስም ተጽፎ ማየት አልጋ ተሰጠ ማለት አይደለም። «ሆል ደርሶታል» ተብሎ ከአገር ቤት ሲመጣ ማታ ሻንጣውን ይዞ ደጃችን የቆመ ልጅ ከአንድ በላይ ተቀብለናል።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጃችን ከጎንደር መጣች። የተመደበችው ማኬሬሬ በማታው ክፍል ነበር። አባቷ በስልክ «አደራችሁን፣ ልጄን ከአበሻ እንዳታርቁብኝ» አሉን። እኛም አደራውን ተቀብለን ካባላጋላ፣ ከምግብ ቤቶቻችንና ከሱቆቻችን ጀርባ፣ ንጹሕ ክፍል ተከራየንላት። እንጀራው ቅርብ፣ ቡናው ቅርብ፣ ሰው ቅርብ። በሥራችን ደስ ብሎን ነበር።

ያላሰብነው መንገዱን ነው። ከካባላጋላ ማኬሬሬ ለመድረስ አንድ ታክሲ እስከ መሃል ከተማው ታክሲ ፓርክ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ እስከ ዋንዴጌያ ይያዛል። መመለሻውም እንዲሁ ስለሆነ በቀን አራት ጊዜ መሳፈር ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ ሴሚስተሩ 17 ሳምንት፤ ሲባዛ 340 ጊዜ ይሆናል። በመንገድ መጨናነቁ ምክንያት ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በአንድ ሴሚስተር 255 ሰዓት ታክሲ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። የማታው ትምህርት ሲያመሽ ደግሞ ታክሲው ይጠፋና የሚቀረው ቦዳ ቦዳ ብቻ ነው።

ልጅቷ ምንም አላለችንም። መጀመሪያ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እየተወች መውጣት ጀመረች፤ ቀጥሎ አንዳንድ ቀን ጨርሶ መቅረት መጣ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ሦስት ኮርስ ወደቀች። እኛ የሰማነው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከእናቶቻችን አንዷ «ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ቢሏት «ደክማችሁ ያገኛችሁልኝን ቤት እንዴት አይሆነኝም እላለሁ?» አለቻቸው። ክፍሉን የመረጥነው ለካ ለእሷ ሳይሆን ለራሳችን ኖሯል፤ ዓይናችን እንዲያያት፣ ለአባቷም «አጠገባችን ናት» እንድንል። ወደ ኪኮኒ አዛወርናት፤ የወደቀችባቸውን ኮርሶች ደግማ ወስዳ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ያ አንድ ዓመት ዕዳው የእኛ ነው።

ስለዚህ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪራዩን ዋጋ ሳይሆን ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቦታ ይሁን። የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አይበቃም። የማኬሬሬ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ሙላጎ ነው፤ የማኬሬሬ ቢዝነስ ስኩል ናካዋ ነው። ኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ በጂንጃ መንገድ ባንዳ አጠገብ፣ ካምፓላ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ በጋባ መንገድ ካንሳንጋ፣ ዩጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሙኮኖ ነው። ካንሳንጋ ለሚማር ልጅ ካባላጋላ ጎረቤቱ ነው፣ እሰየው። ማኬሬሬ፣ ባንዳ ወይም ሙኮኖ ለሚማረው ግን በየቀኑ የሚከፈል ግብር ይሆንበታል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ያለው ምርጫ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው የዩኒቨርሲቲው ሆል ሲሆን፣ ከተገኘ ለጀማሪ ተማሪ መልካም ነው። ሁለተኛው የግል ሆስቴል ነው፤ በሴሚስተር ይከፈላል፣ ጠባቂና ኃላፊ አለው፣ ከዩጋንዳውያን ተማሪዎች ጋርም ያስተዋውቃል። ሦስተኛው «ሙዚጎ» የሚሉት በረድፍ የተሠራ አንድ ክፍል ቤት ነው። ኪራዩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውኃው በጄሪካን፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ጥበቃውም እንደ ሰፈሩ ሊሆን ስለሚችል ከተማውን ከለመዱ በኋላ ቢገቡበት ይሻላል።

አራተኛው የዘመድ ቤት ነው። በዚህ ላይ ተቆጥተን ሳይሆን አዝነን የምንናገረው ነገር አለ። ቤታችንን ለተማሪ የከፈትን ሰዎች ምስጋና ይገባናል። ሆኖም ልጁ ማታ ምግብ ቤቱን እያገዘ፣ ጠዋት ሕፃን ትምህርት ቤት እያደረሰ፣ እሑድ ሱቅ እየጠበቀ ከሆነ፣ «በነፃ ያድራል» የምንለው ልጅ ኪራዩን በጥናት ሰዓቱ እየከፈለ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ገና ሲገባ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይሉኝታ የያዘው ልጅ በኋላ አይናገርም።

ክፍሉን ለማየት ሁለት ጊዜ መሄድ ይገባል፤ አንድ ቀን በብርሃን፣ አንድ ቀን ከመሸ በኋላ። ቀን ጸጥ ያለው ሰፈር ማታ ከመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ የተነሳ መጽሐፍ የማይከፈትበት ይሆናል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሉ በእግር ሂዱ፤ መብራት ያለበት መንገድ መሆኑን ተመልከቱ። እዚያ የሚኖሩ ተማሪዎችን ኃላፊው በሌለበት ጠይቋቸው።

ካምፓላ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ሲተርፍ እንደ ብዋይሴ ያለው ዝቅተኛ ሰፈር ይጥለቀለቃል። ከግድግዳው ሥር የውኃ ምልክት ካለ ሻጩ ቀለም ቢቀባውም ወለሉ ይናገራል። ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል ታንከር መኖሩን፣ «ያካ» የሚሉት የመብራት ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ለብቻ ይሁን የጋራ መሆኑን ጠይቁ። ምጣድ ይዛችሁ ለምትመጡ ደግሞ ብዙ ሆስቴል በክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ ማብሰል እንደሚከለክል ዕወቁት። በጾም ወቅት ግን አትቸገሩም፤ ፖሾና ቦሎቄ በየቦታው አለ።

መስኮቱንም ተመልከቱ። ሌባ እንዳይገባ ብረት የተበየደበት መስኮት እሳት ሲነሳ መውጫ ያሳጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቡዶ ጁኒየር ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ማደሪያ በሌሊት ተቃጥሎ ሕፃናት ሕይወታቸውን ማጣታቸውን በዚያን ጊዜ እዚህ የነበርን አንረሳውም። ሁለተኛ መውጫ አለ ወይ? በሩን ሌሊት የሚቆልፈው ማን ነው? ቁልፉስ የት ያድራል? ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ በሩ ካነሳን፣ አዲስ የመጣን ልጅ ግራ የሚያጋባ ነገር እንጨምር። ሆስቴሉ «በር የሚዘጋው 10 ሰዓት» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲለጥፍ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው እንጂ ሊነጋጋ ሲል አይደለም። ዘበኛው በሉጋንዳ ሲናገር ግን «ሳዋ ኛ» ይላል፤ አራት ሰዓት ማለት ነው። ባጋንዳ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነውና ከሰሌዳው ይልቅ ዘበኛው ይገባናል።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ገንዘብ ከአገር ቤት የሚላከው አንድ የታመነ ሰው ክፍሉን በዓይኑ ካየ በኋላ ብቻ ይሁን። በደላላ የተላከ ፎቶግራፍ ክፍል አይደለም። ለማስያዣ የተከፈለው ከኪራዩ ላይ ይታሰብ እንደሆነ፣ ቪዛው ቢዘገይ ይመለስ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ደረሰኙ ላይ የተማሪው ስም፣ የክፍሉ ቁጥርና የተከፈለበት ጊዜ ይጻፍ። ቤት ለሚከራዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዩጋንዳ የአከራይና ተከራይ ሕግ አለ። ኪራይ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨመር ይገድባል፤ ተከራይንም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣትን ይከለክላል። ይህን የሚያውቅ ተከራይ በአክብሮት ይከራከራል፤ የማያውቅ ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ይወጣል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ልጆች ብቻ የሚሆን ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዩጋንዳዊው ተማሪ ወደ እናት አባቱ ይሄዳል። የእኛ ልጅስ? ሆስቴሉ በዕረፍት ጊዜ ይዘጋል ወይ? ካልተዘጋ ተጨማሪ ያስከፍላል ወይ? ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ተምረናል። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ ሲዘጉ የአገሬው ልጆች ወደየመንደራቸው ተሳፈሩ፤ የእኛዎቹ አየር ማረፊያውም ድንበሩም ተዘግቶባቸው ቀሩ። ያን ጊዜ በየቤታችን ፍራሽ አንጥፈን ተቀበልናቸው። ማኅበር ምን ያደርጋል ለሚለን ሰው ከዚያ የተሻለ መልስ የለንም።

ውድ ወገኖቻችን፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እኛ ጎረቤት ለመሆን ብለን ልጆቹን ወደ ሰፈራችን ስንጎትት ኖረናል። ከዛሬ ጀምሮ መንገዱ ይገልበጥ እንላለን። ልጁ ለትምህርቱ ቅርብ ይደር፤ ሁለቱን ታክሲ በወር አንድ ቀን እኛ እንሳፈር። ለዚህም ንዑስ ኮሚቴው በዚህ በዓል ፊት ሦስት ነገር ቃል ይገባል። ከአገር ቤት ለሚጠይቀን ወላጅ ሁሉ ክፍሉን ሄደን ሳናይ «ክፈሉ» አንልም። አዲስ ለመጣ ተማሪ ቤት እስኪያገኝ የሚያርፍበት ቤት ከአባላቱ መካከል እናዘጋጃለን። ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ፣ አልፎ አልፎም እንጀራ ይዞ ሆስቴሉ ድረስ የሚሄድ አንድ ቤተሰብ እንመድባለን። ሄዶም «እንዴት ነህ?» ብቻ ብሎ አይመለስም፤ «ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

እናንተ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ቃል ግቡልን። ያገኘንላችሁ ቤት ካልሆናችሁ «አልሆነኝም» በሉን። አንቀየምም። የሚያስቀይመን ከውጤቱ በኋላ መስማታችን ነው።