ሕዝብ ያሠራው ትምህርት ቤትና የመሐንዲሱ ኃላፊነት




የዛሬው ንግግሬ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ስለሚገኙት የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶች ነው። ታሪካቸው የሩቅ አገር ቢሆንም የሚያነሡት ጥያቄ የእኛም ነው፤ ይኸውም አንድ አሮጌ ሕንፃ «ይፍረስ» ወይም «ይጠገን» ብሎ ከመወሰኑ በፊት መሐንዲሱ ምን ሊያውቅ ይገባዋል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 የተስኪጊ ተቋም መሪ በነበሩት በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሐሳብ፣ ባለሀብቱ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ለጥቁር ሕፃናት የገጠር ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ ገንዘብ መስጠት ጀመሩ። እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ከሮዘንዋልድ በኩል የተሰጠው ወደ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ጥቁሩ ሕዝብ ግብሩን ከከፈለ በኋላ በተጨማሪ ያዋጣው ወደ 4.7 ሚሊዮን ደርሷል። መሬት፣ እንጨትና ጉልበት የሰጠውም ብዙ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ፕላኖች ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመረቁት ጥቁር አርክቴክት ሮበርት ቴይለርና የተስኪጊ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ቤቶቹ አብዛኛዎቹ ከእንጨት የተሠሩና ጌጥ የሌላቸው ቢሆኑም በብርቱ የታሰበባቸው ናቸው። በገጠሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ፣ ረጃጅም መስኮቶች ተደርድረው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዲያዩ ተደረገ። በቀኝ እጁ የሚጽፈው ልጅ የእጁ ጥላ ደብተሩ ላይ እንዳያርፍበትም ብርሃኑ ከግራው እንዲገባ ታቀደ። በብዙዎቹ ፕላኖች በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ተከፋች ግድግዳ ሲነሣ፣ ክፍሎቹ የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ይሆኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርትን በዘር መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ሕንፃዎቹ ባዶ ቀሩ። ዛሬ የቆሙት ከ10 አንድ ያህል ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአደጋ ላይ ካሉት የአገሪቱ ቅርሶች ተርታ ተመዘገቡ። ከተረፉት መካከል ብዙዎቹን ጠብቀው ያቆዩአቸው የቀድሞ ተማሪዎችና የየአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

በአገራችንም ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ያቆማቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከማናቸውም እድሳት በፊት ሕንፃው ይለካ፤ ፕላኑም ይነሣ። መስኮቱ ለምን በዚያ በኩል እንደተከፈተ ሳይረዳ የሚደፍነው ሰው፣ ግድግዳውን አድኖ ክፍሉን ያጨልማል። ሁለተኛ፣ የጉዳቱ ምንጭ ይመርመር። የእንጨትና የጭቃ ቤት ዋና ጠላት ውኃ ነው፤ ጣሪያውና የውኃ መውረጃው ሳይስተካከሉ ግድግዳ መለሰን ድካም ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሕንፃውን የሠሩት ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ የመሠረቱን ጥልቀትና የድንጋዩን መገኛ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ይፍረስ» ብለን የምንፈርመው ወረቀት የብዙ ሰው መዋጮና ላብ ያለበትን ሥራ ይሽራል። ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ።